ተረት ይመለሳል፤ ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰትና የሰሚው አደራ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፥ የአድባራቱ ሊቃውንት፥ መምህራንና ተማሪዎች፥ እንዲሁም ከቡሬና ከደምበጫ፥ ከሽንዲና ከቋሪት ይህን ጉባኤ ብላችሁ ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣችሁ ወገኖቼ፤

በዚህ በታኅሣሥ ወር፥ አጨዳውና ውቂያው ባላለቀበት፥ በርበሬውም ከተሰጣበት ባልተነሣበት ጊዜ፥ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለ ድርሰት የሚነገር ቃል ለመስማት መቀመጣችሁ ለእኔ ታላቅ ክብር ነው። የጠሩኝም ሰዎች ስለ ሥነ ጽሑፍ የፈቀድኸውን ተናገር ብለው የርእሱን ምርጫ ስለ ተዉልኝ፥ ብዙ ጊዜ በልቤ ሳመላልሰው የቆየሁትን አንድ ነገር ዛሬ በፊታችሁ ላወጣው ወድጃለሁ። ነገሩም ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰት ነው።

ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰት ማለቴ፥ ታሪኩን እየተረከ ሳለ መተረኩን የማይሸሽግ፥ ይልቁንም ደራሲ እንዳለው፥ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን፥ በፊቱም የሚያነብ ወይም የሚሰማ ሰው መቀመጡን ገልጦ የሚናገረውን ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ሜታፊክሽን ይሉታል፤ የ20ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ካለፈ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ደራስያን ዘንድ እንደ ገነነም ይጽፋሉ። ከእኛም አንባቢዎች አንዳንዶቹ ይህን ሰምተው፥ እንዲህ ያለ አጻጻፍ በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ባጋጠማቸው ቁጥር ከባሕር ማዶ የተቀዳ ነው ብለው ይፈርዳሉ። እኔ ግን ፍርዱ የቸኮለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ድርሰት ስለ ራሱ የሚናገርበትን ሥርዓት እናንተ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት ገና ፊደል ሳትቆጥሩ ከአያቶቻችሁ አፍ፥ ቀጥሎም ከቤተ ክርስቲያን ንባብ ተቀብላችሁታልና።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ስለ ተረትና ስለ ብራና፥ ቀጥሎ ባጭሩ ስለ ቅኔ፥ በመጨረሻም ሰፋ አድርጌ ስለ ልብ ወለድ እናገራለሁ። ሦስቱን የሚያስተሳስረው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ደጋግሜ ስለማነሣውም አትሰልቹኝ። በእኛ አገር ድርሰት ስለ ራሱ ሲናገር፥ ሰሚውን ባለ አደራ ያደርገዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፥ ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ፥ አያት እሳት ዳር ለተሰበሰቡ ልጆች ተረት ስትነግር እንዴት እንደምትጀምር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ተረት ተረት» ትላለች፤ ልጆቹም «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህን መልስ ካልሰማች አትቀጥልም። የልጆች ጨዋታ ነው ብለን ቸኩለን የምናልፈው ይህ ልማድ፥ ረጋ ብለን ብንመረምረው፥ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን በአንድ እስትንፋስ ያከናውናል። ፊተኛው፥ የሚነገረው ነገር ተረት መሆኑን አስቀድሞ ማስታወቁ ነው፤ ጅብና አህያ ሲነጋገሩ፥ ጦጣ ዳኛ ሆና ስትቀመጥ፥ ልጁ ይህ ቃል እንደ ሌላው ቃል እንዳልሆነና በሌላ ሥርዓት እንደሚደመጥ አውቆ ይገባል። ኋለኛው ደግሞ፥ ሰሚው ፈቃዱን በገዛ አፉ እንዲሰጥ ማድረጉ ነው። ያልመለሰ ልጅ አልገባም፤ የመለሰ ልጅ ግን ከታሪኩ ጋራ ተዋውሏል።

ተረቱ ሲያልቅስ ምን ይባላል? «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። ይህን ነገር ልብ አድርጋችሁ አስቡት። አያቲቱ ያወራችላቸው ለመጫወት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ታሪኩ ሲያልቅ ዝም ብላ ወደ መኝታዋ በሄደች ነበር። ነገር ግን ተረቱን ለልጆቹ ያበደረቻቸው እንጂ የሰጠቻቸው አይደለችምና መልሱልኝ ትላለች፤ የሰማ ሁሉ፥ ወይ በዚያው ሌሊት ሌላ ተረት በማምጣት፥ ወይም እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶት ያንኑ ለገዛ ልጆቹ በመንገር ዕዳውን ይከፍላል። ዳቦውም ቢሆን ያለ ምክንያት አልተጠራም፤ መናገር ሥራ መሆኑን፥ የተናገረ አፍም እንደ ሠራ እጅ ዋጋ እንደሚገባው ያመለክታል። እንግዲህ የእኛ ተረት ተራኪውን፥ ሰሚውን፥ የትረካውን ዋጋና የወደፊት ዕጣውን ሁሉ በራሱ ውስጥ ጠቅልሎ ይይዛል።

የዚሁ የጎጃም ምድር ልጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ላሳተሙት የተረት መጽሐፍ ይህንኑ የተራኪና የሰሚ ቅብብል ርእስ አድርገው «ተረት ተረት የመሠረት» አሉት። እንግዲህ የመጽሐፉ ስም እኩሌታው የተራኪው፥ እኩሌታው የሰሚው ነው። ወደ እርሳቸው በኋላ እመለሳለሁ።

ከተረት ወደ ብራና ስንሻገር አንድ ጥንቃቄ ማድረግ አለብኝ። ተአምርና ገድል ለምእመናን የተቀደሱ መጻሕፍት ናቸው፤ እኔም ልብ ወለድ ናቸው አልልም፤ እንዲህ የሚል ሰውም ካለ ንግግሬን አልሰማም። የምናገረው ስለ አተራረካቸው ሥርዓት ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየኝ በያዝነው ወር በ22ኛው ቀን የምናስበው የደቅስዮስ ታሪክ ነው።

ጥልጥልያ በምትባል አገር፥ ማለት ዛሬ በእስፓኝ ቶሌዶ በምትባለው ከተማ፥ ደቅስዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ እመቤታችንን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ የተአምሯን መጽሐፍ ጻፈ። እመቤታችንም ያንን መጽሐፍ በእጇ ይዛ ተገለጠችለትና ስለ መጻፉ አመሰገነችው፤ ዳግመኛም ልብስና መንበር ሰጠችው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ከመጀመሪያ የምንሰማው ተአምር የተአምር መጽሐፍ ስለ መጻፍ የሚናገር ነው። አንባቢው ካህን መጽሐፉን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ በመጽሐፉ ውስጥም እመቤታችን መጽሐፉን በእጇ ይዛ ቆማለች። በሰሚው ፊት ያለውና በታሪኩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ባንድ ቅጽበት ይገናኛሉ። ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ14ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያና በ15ኛው መግቢያ ግድም ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ መገጣጠም ላመልክታችሁ። የምዕራብ ሊቃውንት ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰት አባት ማነው ተብለው ሲጠየቁ፥ ብዙዎቹ የእስፓኙን ደራሲ ሰርቫንቴስንና በ1605 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ዶን ኪኾቴ»ን ይጠራሉ። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ ተራኪው፥ ይህን ታሪክ ያገኘሁት አንድ ዓረብ ታሪክ ጸሐፊ ከጻፈው መጽሐፍ ነው፥ እርሱንም የገዛሁት በቶሌዶ ገበያ ነው ይላል። ደቅስዮስ ተአምሩን በጻፈባት በዚያችው በቶሌዶ! ሁለተኛው መጽሐፍ በ1615 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደግሞ ባለ ታሪኮቹ የመጀመሪያው መጽሐፍ መታተሙን ሰምተው ይነጋገሩበታል፤ በመካከሉ፥ በ1614 እ.ኤ.አ.፥ ሌላ ሰው የሐሰት ቅጥያ አሳትሞ ስለ ነበረ፥ ዶን ኪኾቴ ያ ሰው ሐሰተኛ መሆኑ እንዲታወቅበት ብሎ ጉዞውን ከሳራጎሳ ወደ ባርሴሎና ይለውጣል። ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ያላነበባችሁት ብታነቡት እወዳለሁ።

ሁለቱን ያነጻጸርሁት ማን ቀደመ ብዬ ለመፎካከር አይደለም። ልዩነታቸው ስለሚያስተምረን ነው። ሰርቫንቴስ መጽሐፉን ስለ ራሱ ያናገረው፥ የፈረሰኞችን ታሪክ ያለ መጠን ያመነ ሰው ምን እንደሚደርስበት አሳይቶ፥ አንባቢው ያነበበውን ሁሉ እንዳያምን ሊያስጠነቅቀው ነው። የእኛ ብራና ግን ስለ ራሱ የሚናገረው ሰሚውን ሊያስርበት ነው። የማናቸውንም ጻድቅ ገድል፥ ለምሳሌ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ወይም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ብትሰሙ፥ በስተ መጨረሻው ቃል ኪዳን ታገኛላችሁ፤ በዚያም ቃል ኪዳን ውስጥ ገድሉን ለጻፈና ላጻፈ፥ ላነበበና ለሰማ የሚሰጠው ተስፋ አለበት። እንግዲህ በጻድቁ ዘመን ገድሉ ገና አልተጻፈም፤ ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ስለሚጻፈው ገድልና ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሚሰሙት ሰዎች ይነገራል። በዝክሩ ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ከዐውደ ምሕረቱ የቆመው ገበሬ፥ በዚያች ሰዓት መጽሐፉ ስለ እርሱ እንደ ተናገረ ያውቃል። በውጭ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ሰው ከታሪኩ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ብራናው ይህን ብቻ አያደርግም። በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ያሉትን የተአምርና የገድል መጻሕፍት የገለጣችሁ ካህናት እንደምትመሰክሩት፥ በየተአምሩ መዝጊያ በረከቱ እንዲያድርበት የሚለመንለት ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ያም ሰው መጽሐፉን ያጻፈው ነው። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው በተላለፈ ጊዜ ደግሞ፥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያጽፍበታል። በፍቀቱ ላይ የቀረው ጥላ ብዙ ጊዜ ለዐይን ይታያል። እንግዲህ ያ ገጽ የቅዱሱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ታሪክ ይናገራል፤ ማን እንዳጻፈው፥ ማን እንደ ገዛው፥ የማን ስም በማን ስም እንደ ተተካ። የፊተኛውን ስም መፋቅ ልማድ ቢሆንም፥ እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ በብራናው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሥፍራ አልጠፋም ነበርና።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፤ ይኸውም ቅኔ ነው፤ በጎጃም ተቀምጦ ለጎጃም ሰው ስለ ቅኔ ማብራራት ድፍረት ስለሚሆንብኝ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ ምድር ቅኔ ምን እንደ ሆነ ከእኔ አይማርም። ለርእሳችን የሚያስፈልገው ነገር ይህ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር፥ የተሠራ መሆኑን ለሰሚው ሳይሸሽግ ይቀርባል፤ ሰሚው ሰሙን ብቻ ይዞ ቢሄድ ቅኔው እንዳልተሰማ ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲዘረፍ፥ ምሥጢሩ የገባው ሊቅ «ይበል» ሲል፥ ያ ቃል ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ወርቁን አግኝቻለሁ የሚል ምስክርነት ነው። የቅኔ ተማሪም የሰማውን ደግሞ ቢናገር ሌባ ይባላል፤ የሰማውን የሚመልሰው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ነው። እነሆ፥ አያቲቱ በእሳት ዳር የጠየቀችው ዕዳ በቅኔ ማኅሌትም ይከፈላል። እዚህም ድርሰቱ ስለ ራሱ ሲናገር ሰሚውን ባለ አደራ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ክፍል ልብ ወለድ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. በሮም በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ እንደ ሆነ፥ እርሳቸውም የጣና ዳር የዘጌ ሰው እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ፤ ያ መጽሐፍ በገዛ ርእሱ ከልብ የተወለደ ታሪክ መሆኑን አውጆ የወጣ ነው። የተረቱ «ተረት ተረት» ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ተነበበ ብንል አንሳሳትም። ከዚያ ግን ረጅሙን ዘመን ዘልዬ፥ የዚህ አዳራሽ ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው መጽሐፍ፥ በ1958 ዓ.ም. ወደ ታተመው ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እመጣለሁ።

የዚህ መጽሐፍ ባለ ታሪክ በዛብህ የት ተወለደ? ማንኩሳ። ማንኩሳ የት ነው? ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ከመንገዳችሁ ላይ ነው። ከእናንተም መካከል ዛሬ ጧት ከዚያ የመጣ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም። እንግዲህ የማንኩሳ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ የተጋቡበትን፥ በዛብህም የተወለደበትን መንደር ሲያነብ፥ በአዲስ አበባ ወይም በሐረር ተቀምጦ እንደሚያነበው ሰው ሊሆን አይችልም። ሌላው አንባቢ ማንኩሳን በልቡ ይሥላል፤ እርሱ ግን መጽሐፉን አጥፎ ከደጅ ቢወጣ ይረግጣታል። ሰርቫንቴስ ባለ ታሪኮቹን ከአንባቢዎቻቸው ጋራ ለማገናኘት ሁለተኛ መጽሐፍ መጻፍ አስፈልጎት ነበር፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የመንደሪቱን ስም ሳይለውጡ በመጻፋቸው ብቻ አንድን መንደር በሙሉ በታሪኩ ውስጥ አስቀመጡት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። በታሪክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምስክር ነው። በመጽሐፉ የተሣለው የገባርና የባላባት ኑሮ፥ የፊታውራሪ መሸሻ ኵራት፥ የትውልድ ቆጠራው፥ በእውነት እንዲህ ነበረን? ብሎ ለመጠየቅና ለመመለስ ከእናንተ የሚቀርብ ማን አለ? ያንን ሥርዓት በዐይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች በየቀዬአችሁ ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ለፈተና ብቻ የሚያነቡ ተማሪዎቻችንን ባየሁ ጊዜ አዝናለሁ፤ ከአገር ሁሉ ይልቅ ለእነርሱ የተሰጠውን መብት ሳያውቁት እየተዉት ነውና።

በመጽሐፉም ውስጥ፥ ለዛሬው ርእሳችን የሚሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ራሱ በዛብህ ነው። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ምን እንደሚሆን፥ ማንንም ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እያገለገለ እንደሚኖር፥ አፉን ሳይፈታ ሌሎች ወስነውለታል። ሰው በተወለደ ጊዜ ታሪኩ አስቀድሞ ተጽፎ ቢቆየው፥ ያ ሰው በገዛ ሕይወቱ ውስጥ ባለ ታሪክ እንጂ ደራሲ አይሆንም። በዛብህም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሆነችው የሰብለ ወንጌል መምህር ሆኖ ፍቅር በያዘው ጊዜ የሚጨነቀው በመደብ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ለእርሱ በተጻፈለት ታሪክና እርሱ ራሱ ሊጽፈው በጀመረው ታሪክ መካከል ስለ ቆመም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው፤ የቅኔ ሰው ስለ ቅኔ ሰው ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ምሥጢር ሳያውቅ ያስገባው ነው ብሎ ማሰብ አይቻለኝም።

ሁለተኛው ጉዱ ካሣ ነው። የአገሩ ሰው «ጉዱ» ያለው፥ አበደ ብሎም የናቀው፥ ካሣ ዳምጤ በታሪኩ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ልዩ የሆነው የሚኖርበትን ሥርዓት ስለሚተረጕመው ነው። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ፤ እርሱ በታሪኩ ውስጥ ሆኖ ታሪኩን ያነባል። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድምታ የተማራችሁ ሊቃውንት እንደምታውቁት፥ ንባቡና ትርጓሜው በአንድ ጉባኤ ሲሄዱ መምህሩ ከንባቡ ወጥቶ ምን ማለት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ጉዱ ካሣም ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰጠው የውስጥ መተርጕም ነው። መጽሐፉ ስለ ራሱ መናገር የፈለገውን በእርሱ አፍ ተናገረው፤ ይህንንም የሚሰማ ሰው እንደ እብድ መታየትን ሊቀበል ይገባል ብሎ አስጠነቀቀን።

ይህ መጽሐፍ ደግሞ ከወረቀት ወደ ድምፅ ተመልሷል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው፥ ማንበብ ያልቻለው ሕዝብ ሁሉ በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰማው። «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው የጀመሩት ደራሲ ታላቁ ድርሰታቸው በስተ መጨረሻው እንደ ተረት በጆሮ መደመጡ፥ እንዲሁ የሆነ ነገር አይመስለኝም፤ የአጻጻፋቸው ቃና ራሱ ለጆሮ የተሠራ ነበርና።

አሁን ከጎጃም ወጥቼ፥ ደራሲን ባለ ታሪክ አድርጎ ወደ ጻፈው ወደ በዓሉ ግርማ እሄዳለሁ። በ1972 ዓ.ም. የታተመው «ደራሲው» የተባለው ልብ ወለዱ ሲራክ የሚባል ደራሲን በመካከል ያቆማል። ብዙ አንባቢዎች በሲራክ ውስጥ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ያያሉ፤ እኔ ግን በእውነቱ ማን ነው የሚለው ክርክር ይህን ያህል አያስደስተኝም። የሚያሳስበኝ የመጽሐፉ ጥያቄ ነው፤ ደራሲ ለማን ነው ዕዳ ያለበት? ለቤቱ? ለመንግሥቱ? ለአንባቢው? ወይስ በልቡ ላለው እውነት? አያቲቱ ተረቴን መልሱ ብላ ሰሚውን ጠየቀች፤ በዓሉ ጥያቄውን ገልብጦ፥ ሰሚው ተራኪውን የሚጠይቅበትን መጽሐፍ ጻፈ። አደራው በሁለቱም ወገን እንዳለ ያሳየን እርሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ፥ በ1975 ዓ.ም.፥ «ኦሮማይ» ወጣ። በዓሉ በዚያን ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ በተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻም የቅስቀሳውን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው ነበር። በመጽሐፉም የሚተርከው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል፥ ለዚያው ዘመቻ ቅስቀሳ ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። እንግዲህ ቃል የሚሠራ ሰው፥ ቃል ስለሚሠራ ሰው ጻፈ፤ በሥራው የሚያውጀውና በልቡ የሚያየው የተለያየበትን ሰው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተሰናበተ፤ በ1976 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ወገኖቼ፥ በ«ደራሲው» የጠየቀውን ጥያቄ በ«ኦሮማይ» መለሰው፤ መልሱንም በገዛ ሕይወቱ ከፈለ። በውጭ አገር ስለ ራሱ የሚናገር ድርሰት የብልሃት ጨዋታ ነው ተብሎ ሲተች አነባለሁ፤ ይህን ትችት ለኢትዮጵያ ልብ ወለድ የሚያመጣ ሰው ቢኖር፥ የበዓሉን ስም ጠርቼ እንዲያፍር እጠይቀዋለሁ።

ከቅርቡ ዘመን ደራስያን ደግሞ አዳም ረታን ሳላነሣ ብቀር ርእሴን አጎድላለሁ። አዳም ታሪክ ከታሪክ ጋራ የሚያያዝበትን ሥርዓት ሕጽናዊነት ብሎ ሰይሞ፥ አርአያውንም ከእንጀራ ወስዶ አስረድቷል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ም የዚሁ አጻጻፍ ፍሬ ነው። በአንዱ መጽሐፍ ያየነው ሰው በሌላው መጽሐፍ ያልፋል፤ የግርጌ ማስታወሻው ከታሪኩ ተለይቶ የማይቆም የታሪኩ አካል ይሆናል። ብዙ ወጣቶች ይከብደናል ሲሉ እሰማለሁ፤ መክበዱንም አልክድም። ነገር ግን ንባቡን በአንድ ወገን፥ «አንድም» እያለ የሚረዝመውን ትርጓሜ በሌላ ወገን ይዞ ዓመታት የሚቀመጥ ተማሪ ያለበት አገር፥ ከሥሩ ማስታወሻ ያለውን ልብ ወለድ እንግዳ ነው ብሎ ሊሸሽ አይገባውም። በካናዳ ተቀምጦ የሚጽፈው አዳም ከፈረንጅ ደራስያን ብዙ እንዳነበበ ግልጽ ነው፤ የገጹ ሥርዓት ግን ለእኔ ከፈረንጅ ይልቅ ወደ ጉባኤ ቤት ይቀርብብኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የምትቃወሙኝ ካላችሁ በደስታ እሰማለሁ።

ከመቀመጤ በፊት በተለይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የምለምነው አንድ ሥራ አለ። በየገጠሩ ተረት የምትሰበስቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን ተረት ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የጅቡና የጦጣው ነገር ብቻ ሆኖ፥ መክፈቻውና መዝጊያው ተጥሎ ይቀራል። እባካችሁ አትጣሉት። በወንበርማ እንዴት ተጀመረ፥ በደጋ ዳሞት እንዴት ተዘጋ፥ ልጆቹ ምን ብለው መለሱ፥ ተራኪዋ ማንን እየተመለከተች ተናገረች፥ በመካከል ማን አቋረጣት፥ ተረቱን ከማን ተቀበልሁት አለች፤ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ስሟንም፥ ከፈቀደች፥ በገጹ ራስ ላይ አስቀምጡላት፤ ከእርሷ በፊት የነገራትንም ሰው ስም ከሥሩ ጨምሩ፤ አንዱንም አትፋቁ። የልጆቹን መልስ ያልያዘ ስብስብ እኩሌታው የጎደለ ነውና፥ ቀድሞ የተሰበሰበውም ቢሆን ተራኪዎቹ በሕይወት ሳሉ ተመልሳችሁ ብትሞሉት መልካም ነው።

የቀረው ጊዜ ለጥያቄና ለክርክር ተመድቧል። የጉባኤው አስተናጋጆች ቢፈቅዱልኝ፥ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተናገርሁት ትክክል መሆን አለመሆኑን አስቀድመው የማንኩሳ ሰዎች ይንገሩኝ፤ ቀጥሎም የቅኔ መምህራኑ ያርሙኝ።